ያላደረስኩት ምርቃት

የነፍስ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ያውቃሉ። ይህን ግን አያውቁም። ልነግራቸው ቆርጬ እሄድና ሌላ ሌላውን ተናግሬ፣ መስቀል ተሳልሜ እመለሳለሁ። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነበር መጻፍ የጀመርኩት። አልቀለለኝም።

ልጄን የአባቷን ምርቃት የቀማኋት እኔ ነኝ።

ኮሮና በገባበት ዓመት እኔ፣ ባለቤቴ ጌታሁንና ልጃችን ፍሬሕይወት ሻርጃ ውስጥ በመጋረጃ በተከፈለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። እሱ ዱባይ ማሪና የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነበር። እኔ አጅማን ፀጉር ቤት እሠራ ነበር፤ ተዘጋ። ያን ሰሞን እዚህ ያሉ የሐበሻ እናቶች ቤት ለተዘጋባቸው ልጆች በስልክ የሚታይ የቁንጅና ውድድር አዘጋጁ። ፍሬን ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። እሷ አልጠየቀችኝም። እኔ ነኝ ሹሩባዬ እንዲታይልኝ፣ "ማን ነው የሠራት?" እንዲባልልኝ የፈለግሁት።

ጌታሁን ሲሰማ ተቆጣ። "ልጄን እንደ ገበያ በግ አገላብጠው ሊያዩልኝ ነው?" አለ።

እኔ ምን አልኩ? "ምን ላድርግ፣ እሷ ናት አልቅሳ ያስቸገረችኝ" አልኩት። ልጅቷ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ነበርና አልሰማችም። ስትመለስ አባቷ ፊቱን አዞረባት። ውድድሩን እንዳልወደደው ስነግራት "እንግዲያው ይቅርብኝ" አለች። "ይበርድለታል" ብዬ እኔው ገፋፋኋት። እንደተኮራረፉ ሳል ጀመረው። አምቡላንስ መጥቶ ሲወስደውም ዞር ብሎ አላያትም።

በውድድሩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፍሬ ጉልበቴ ሥር ተቀምጣለች። ግማሽ ራሷ ተሠርቷል፤ ግማሹ ተበትኗል።

"እማዬ፣ ቆዳዬን ልትገፊው ነው እንዴ?"

"ዝም በይ፤ ቆንጆ ሰው አያለቃቅስም።"

"እንግዲያው አስቀያሚ ልሁንና ፍቺኝ።"

ሳቅን። ስልኬ ጠራ። የጌታሁን ቁጥር ነው። "የፀጉር ቤቷ ማዳም ናት" አልኳትና ማበጠሪያውን ፀጉሯ ላይ ሰክቼ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለችው ማድቤታችን ገባሁ።

ያናገረችኝ ዘይነባ የምትባል፣ ሆስፒታሉን የምታጸዳ የወሎ ልጅ ነበረች። "እትዬ፣ ዋላሂ ጋሼ አላስቀምጥ ብለውኛል። ሐኪሞቹ መተንፈሻ ሊያስገቡላቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ መናገር አይችሉም። አሁኑኑ ልጄን አገናኙኝ ይላሉ።"

ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችለት።

"ፍሬ የታለች?"

"ተኝታለች" አልኩት።

"በቀን?"

"ደክሟት ነው።"

ሲተነፍስ ይሰማኛል። "አትቀስቅሻት በቃ። አልተቀየምኩሽም ብሏል በያት። ትወዳደር፣ ደስ ይበላት። ካሰበችው ያድርሳት፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውራት። አባትሽ እንዲህ ብሎ መረቀሽ በያት። እሺ?"

"እሺ" አልኩት።

ልጄ ከመጋረጃው ማዶ ነበረች። እጄን ዘርግቼ ስልኩን ማቀበል ብቻ ነበር። ለምን አላቀበልኳትም? ለረጅም ጊዜ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ነበረኝ፤ ታለቅሳለች፣ ውድድሩ ሊጀመር ነው፣ እሱም ይድናል እል ነበር። ውሸት ነው። ከተነጋገሩ "አንቺ ነሽ አሉ የፈለግሽው" ይላታል፤ "እኔ አይደለሁም፣ እማዬ ናት" ትለዋለች። ይህን ነው የፈራሁት። ነፍሱ ልትወጣ በደረሰች ሰው ፊት ውሸታም ላለመባል ብዬ፣ ነቅታ የተቀመጠች ልጄን አስተኛኋት።

ተመልሼ የቀረውን ሠራሁ። እንደዚያ ያማረ ሹሩባ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሠርቼ አላውቅም። ዳኞቹ ውጤት ሳይናገሩ ዘይነባ መልሳ ደወለች። እያለቀሰች ነበር።

መርዶውን አፍኜ አደርኩና ጠዋት ነገርኳት። ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ወዳጅ ዘመድ በስልክ እየደወለ አደነቀኝ። "አንጀትሽ እንዴት ቻለው? ልጅቷ እስክትጨርስ ዋጥ አደረግሽው፤ እናት ማለት አንቺ ነሽ" አሉኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ። መርዶ በወጉ የያዝኩ መስሎ ታያቸው። እሱ በሕይወት ሳለ ምን እንዳደረግኩ ማን ያውቃል?

ፍሬ ጩኸቷ ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ሳይሞት ደውሎ ነበር?"

"አልደወለም" አልኳት።

"እንደተቀየመኝ ሞተ" አለች።

አይደለም ማለት እንኳ አልቻልኩም። በምን አወቅሽ ብትለኝስ? ሹሩባውን ራሷ ፈታችው። ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን እንድነካው ፈቅዳልኝ አታውቅም፤ እኔም ለምኛት አላውቅም።

አሁን አድጋለች። ለትምህርት ወደ አገር ቤት ልትሄድ ነው። ዛሬ ሻንጣዋን ዘግታ መጣችና ጉልበቴን ሳመች። "እማዬ፣ በአባዬም ቦታ ሆነሽ መርቂኝ። እሱ ቢኖርም እንጃ፣ ላይመርቀኝ ይችል ነበር" አለችኝ። ልመርቃት እጄን አንስቼ አለቀስኩ። መለያየቱ የከበደኝ መስሏት "በቃ፣ ተይው እማዬ" ብላ እንባዬን በመዳፏ ጠረገችልኝ። እኔ በዚያች እጅ እንባዬ ሊጠረግ ይገባኝ ነበር?

ጎረቤቶቻችንን ልትሰናበት ወጥታለች። ስትመለስ እነግራታለሁ። ባሌ ሞቶብኝ ነበር፣ ዘመኑ ክፉ ነበር አልላትም፤ ስዋሽ ባሌ በሕይወት ነበር። ይቅር በይኝም አልላትም። መንገድ ላይ ላለች ልጅ እሱን ማሸከም ሌላ በደል ነው። ከፈለገች ከእንግዲህ እናቴ አትበለኝ፤ ከሄደችም በኋላ አትደውልልኝ። አባቷ ግን መርቋታል። ይህን ሰምታ ትሂድ።