የበሳኋቸው ካርዶች

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ከቀራንዮ አየር ጤና ድረስ በእግሬ እሄድና በአውቶቡስ መሀል ከተማ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት እመላለስ ነበር። ሥራዬ ወደ ኮምፒዩተር የሚገቡ ካርዶችን መብሳት ነበር። ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚያዘጋጀው ፕሮግራመር ወረቀት ላይ የጻፈውን ታይፕ በሚመስል ማሽን ስመታ፣ እያንዳንዱ መስመር በአንድ ካርድ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ምን እንደምበሳ ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሠራሁ።

ፕሮግራመሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ዝምተኛ ወጣት ነበር። ኮምፒዩተሩ የምበሳውን እንዴት እንደሚያነበው አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«አያነበውም» አለኝ። «የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው።»

መጀመሪያ ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ወደ ኮምፒዩተሩ እንደሚገባ ነገረኝ። እሱ መስመሮቻችንን አንድ በአንድ እያየ አጻጻፋቸውን ይመረምራል፤ ለእያንዳንዱ ስም ማሽኑ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል። ሁለት ነገር ደምር ያልነውን፣ ከዚህ ቦታ አንሳ፣ በዚያኛው ላይ ደምር፣ እዚህ አስቀምጥ ወደሚሉ ቁጥሮች ለውጦ በአዲስ ካርዶች ላይ በስቶ ያወጣዋል። ማሽኑ የሚታዘዘው እነዚያን ነው።

ፕሮግራም አጻጻፍ የተማረበትን መጽሐፍ አዋሰኝ። በምሳ ሰዓትና እሁድ ከጸሎት መልስ እያነበብኩ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣውን የዝናብ ልክ አማካይ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍኩ። በመጀመሪያው ሙከራ ኮምፓይለሩ ስህተት አለበት ብሎ መለሰብኝ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ወደሌለ መስመር ሂድ ብዬው ኖሯል። አስተካከልኩ። በሁለተኛው ምንም ስህተት ሳያገኝ የተተረጎሙትን ካርዶች አወጣልኝ። ስናስገባቸው መልሱ ልክ ነበር። 

ፕሮግራመሩ ውጤቱን ይዞ ወደ ኃላፊው ወሰደኝና ለፕሮግራመርነት እንድፈተን ጠየቀልኝ። ኃላፊው ወረቀቱን እንኳ አልገለጡትም።

«ካርድ በሺዎቼ ፕሮግራም መጻፍ ከጀመሩ ማን ሊበሳልኝ ነው?» አሉ።

በዓመቱ ፕሮግራመሩ ወደ ውጭ ተመልሶ ቀረ። አዲስ ኮምፒዩተርም መጣ። የአዲሱ ቁጥሮች ሌላ ስለሆኑ የተተረጎሙት ካርዶቼ ከንቱ ሆኑ፤ ግን እኔ የጻፍኩት ዋናው በአዲሱ ኮምፓይለር እንደገና ሊተረጎም ይችል ነበር። በአዲሱ ኮምፒዩተር አሥር ደቂቃ ብቻ እንድሠራ እንዲፈቅዱልኝ ኃላፊውን ለመንኳቸው። ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ የለም አሉኝ። ዋናዎቹ ካርዶቼም የመሥሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን ሲጸዳ ከቆሻሻ ጋር ተጥለው ኖሯል።

አንድ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በተቀጠረው ፕሮግራመር ወረቀት ላይ ኮማ ጎድሎ አየሁና ነገርኩት።

«አንቺ የተጻፈውን ብሺ» አለኝ።

በሳሁ። በማግስቱ ኮምፓይለሩ መልሶበት ወረቀቱ እንደገና ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አሁን ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ቅንፍ ጎድሎ ነበር። ሳልነግረው እንዳለ በሳሁት።