ላሟን ማን አሰራት?

ባለፈው ሰኞ ጎንደር አራዳ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከመስኮቱ ማዶ ማኅተም ሲመታ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ነው የሚወርደው፤ አንዴ ቀለሙ ላይ በቀስታ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ በኃይል። ኮምፒዩተር መጣ፣ የጣት አሻራ የሚያነሣው መሣሪያ መጣ፣ ይህ ድምፅ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልተለወጠም። ተራዬ ደረሰና መታወቂያዬን ለማሳደስ ጣቴን መስተዋቱ ላይ አስቀመጥኩ። መሣሪያው ቀይ አበራ። በሌላኛው ጣቴ ሞከርኩ፤ አሁንም ቀይ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ወጣት ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣

«እማማ፣ ሲስተሙ አልተቀበለዎትም» አለኝ።

ሰባ ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው። አልተቆጣሁም፤ መቆጣት ልማዴ አይደለም። ይልቅስ ሳቄ መጣ። ሼህ በሽር በእኔ ቦታ ቆመው ቢሆን ምን ብለው እንደሚጠይቁት አውቅ ነበር።

ሼህ በሽር አዲስ ዓለም ውስጥ ከቤታችን ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩ ሸማኔ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰፈራችን የሸማኔና የነጋዴ ሙስሊም ሰፈር ነው፤ በጠዋት ከየቤቱ የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። እሳቸው በወጣትነታቸው ወሎ ወርደው ብዙ ዓመት ኪታብ የቀሩ፣ የሃይማኖቱን ሕግ የተማሩ ሰው ነበሩና፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በውርስ ሲካሰሱ፣ የጎረቤት ዶሮ የጎረቤት ጎመን ስትበላ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ዳኛው ከጉልበታቸው እኩል ተቀምጠው፣ እጃቸው ሳያርፍ ነበር ነገሩ የሚሰማው። አንዲት ጎረቤት «ሼህዬ፣ ምነው ለፍርድ እንኳ ከጉድጓዱ ቢወጡ» ብትላቸው፣ «የባሰ ጉድጓድ ይጠብቀኝ የለ? መለማመዴ ነው» አሏት።

እየፈረዱ መሸመን ግን ለሸማው አልበጀም። ቀላል ክርክር የተሰማበት ነጠላ ቀጥ ያለ ጥለት ይኖረዋል። ነገሩ ሲከብድ ጥለቱ ይጣመማል። የሰፈራችን ሴቶች ሸማቸውን ዘርግተው «ይህቺ የእነ እገሌ ፍቺ ናት» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ዋጋ የሚቀንሱባቸውም በዚሁ ነው።

አንድ ጊዜ ደሞዝና ማኅተም ያለው የቃዲነት ሹመት ቀርቦላቸው ነበር ይባላል። «ደሞዝ ከፋዬ የተከሰሰ ዕለት ፍርዱን በየትኛው ፊቴ ልስጥ?» ብለው መለሱት። ሚስታቸው እትዬ ከዲጃ ይህን ይቅር አላሏቸውም። ቤት ውስጥ በርበሬ ባለቀ ቁጥር «እስኪ ፊትዎን እንቀቅለው» ይሏቸው ነበር። ሼህ በሽር መንግሥት ጠልተው አይደለም። መንገዱንም ክሊኒኩንም ያመሰግናሉ። ቅር የሚላቸው አንድ ነገር ነው። «በሸሪዓ በደል ሁሉ ባለቤት አለው» ይሉ ነበር፤ «እነዚህ ግን ሰው የሌለበት በደል ፈለሰፉ።» ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ በላማችን በዳለቻ ምክንያት ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትልቅ እንግዳ ወደ ጎንደር ይመጣል ተባለና «የጎዳናና የአደባባይ ማስዋቢያ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት» የሚባል ተቋቋመ። ስሙ ለአፍ ስለማይመች ሰዉ «ማስዋቢያው» ይለው ነበር። ማስዋቢያው ፒያሳ አደባባዩ ላይ ቀይ አበባ ተከለ። እናቴ አራስ ነበረች። አባቴ ለንግድ መተማ ወርዶ በማግሥቱ ይመለሳል። ዳለቻ የሦስት ሳምንት ጥጃ ነበራት፤ እናቴም የእሷን ወተት ነበር የምትጠጣው። ላሟን ጠዋት ጠዋት አውጥቶ ማጋጥ የእኔ ሥራ ነው። የዚያን ቀን ገመዷን መሬት ላይ ጥዬ ከጓደኞቼ ጋር ቅልብልቦሽ ተቀመጥኩ። ጠጠሮቹ ጥሩ ነበሩ፣ እጄም ቀንቶት ነበር። ቀና ስል ላሟ የለችም።

ሮጬ ስደርስ ዳለቻ አደባባዩ መሐል ቆማ የመጨረሻዋን አበባ ታላምጣለች። የማስዋቢያው ዘበኛ አያ ታከለ ገመዷን ይዞ ይጎትታታል። እሷ እያላመጠች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። እኔ ወደ ቤት መሄድ ፈርቼ ሼህ በሽር ቤት ገባሁ።

«ዳለቻ ገመዱ ተበጥሶ አመለጠችና ማስዋቢያው ግቢ ዘጉባት» አልኳቸው። የገመዱን ውሸቴን ነው።

መወርወሪያው ቆመ። «ውሃ ሰጥተዋታል?»

«እንጃ።»

«ሣርስ?»

«እንጃ ሼህዬ።»

እግራቸውን ከጉድጓዱ አወጡ። ለክርክር ብለው ሲወጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እንስሳ ያሰረ ያበላል። የማያበላ ይለቃል። ይኼ ኪታብ መግለጥ የሚያስፈልገው አይደለም» አሉ። ጥምጣማቸውን አስተካክለው አንድ እቅፍ ሣር ያዙ። እኔ ጥጃውን ከቤት አውጥቼ እንድጎትት ታዘዝኩ። በአራዳ በኩል ስናልፍ አንድ ባለሱቅ ከበሩ ላይ ሆኖ፣

«ሼህ፣ ጥጃ ለገበያ ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«የለም፤ እናቱ ታስራበት ሊጠይቃት ነው» አሉት፤ ሳይስቁ።

አያ ታከለ ከበሩ ላይ ቆሟል። ረዥም ካፖርት የለበሰ፣ ከደንቢያ የመጣ ሰው ነው።

«አያ ሼህ፣ ወዴት ነው?»

«እስረኛ ልንጠይቅ።»

«እዚህ እስረኛ የለም። ላም ናት ያለችው።»

«እሷኑ ነው። ይኸው ልጇ፣ ይኸው ስንቋ።»

«በእመቤቴ! ሣር ለማስገባት እኮ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ከማን?»

«ከውስጥ» አለ አያ ታከለ፤ በአገጩ ወደ ሕንፃው እያመለከተ።

ጥጃው ፈቃድ የሚባል አያውቅም። አንገቱን በብረቱ አጥር መሐል አሾልኮ እምቧ አለ። ዳለቻ ከግቢው ጥግ እየሮጠች መጣች፤ ጎኗን አዙራ ቆመችለትና መጥባት ጀመረ። አያ ታከለ ግራና ቀኝ አየ። «ኧረ ቶሎ ጥባ፣ ታስበላኛለህ» አለው ጥጃውን።

«ታከለ፣ ላሟን ማን አሰራት?» አሉ ሼህ በሽር።

«እኔማ ታዝዤ ነው።»

ወደ ውስጥ ገባን፤ አያ ታከለም ተከተለን። ጸሐፊው ቀና ብሎ «እኔ የምጽፈው የተባልኩትን ነው» አለና ወደ ኃላፊው ክፍል አሳለፈን። ኃላፊው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራባት ያሰረ ትሑት ወጣት ነበር። ወንበር ሳበላቸው። ሼህ በሽር ሳይቀመጡ ያንኑ ጠየቁት።

«ማስዋቢያው ነው ያሰራት» አለ ኃላፊው።

«ሸጋ። ማስዋቢያው የማን ልጅ ነው?»

«ሼህ፣ ማስዋቢያው ሰው አይደለም። ጽሕፈት ቤት ነው። በደንብ ነው የሚሠራው።»

«ይህ ደንብ የምትለው ቂያማ ዕለት ከመቃብር ይነሣል?»

ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሞ አፉን በእጁ ሸፈነ።

«አትቀየሙኝ» አሉ ሼህ በሽር፤ «ያን ዕለት ይቺ ላም ተርቤ ዋልኩ፣ ልጄን አስራቡብኝ ብላ ስትነሣ ማንን አንገቱን ትያዝ? ማስዋቢያው አንገት የለው። ደንቡ አንገት የለው። እስካሁን አንገት ያየሁት የታከለን ነው፤ እሱም ታዝዤ ነው ይላል።»

ኃላፊው ሳያውቀው እጁን ወደ ክራባቱ ሰደደ። «ላሟ እኮ አበባ በልታለች» አለ። «እንግዳ የሚቀበል አበባ!»

«እሱ ሌላ ክስ ነው፤ እንየዋ። ቀን ነው የበላችው ሌሊት?»

«ዛሬ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ።»

«በእኛ ሕግ ሌሊት ከብቱን የሚጠብቅ ባለከብቱ ነው፤ ቀን አዝመራውን የሚጠብቅ ባለአዝመራው። ቀን ከሆነ አበባችሁን መጠበቅ የእናንተ ነበር። ላሟ ነፃ ናት።»

ኃላፊው የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ አሰበ። ክርክር የሚወድ ሰው እንደሆነ ያኔ ታወቀ። «እረኛስ አብሯት ከነበረ?» አለ። «እረኛው እያለ ከበላች አሁንም ጥፋቱ የእኛ ነው?»

ሼህ በሽር ፊታቸው በራ። «አጂብ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጠየቀኝ ሰው ቆየሁ። እረኛ ከነበረ ፍርዱ ይገለበጣል። ጥፋቱ የእረኛው ነው።»

«ታዲያ ነበረ?»

«ገመዱ ተበጥሶ ብቻዋን ነው የሄደችው ተብያለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አይደለም፣ ዘሀራ?»

ሁሉም አዩኝ። በመስኮቱ በኩል ዳለቻ ትታያለች። ገመዷ ከአንገቷ እስከ መሬት ድረስ ሙሉ ነው፤ ጫፉ ላይ አባቴ የቋጠረው ቋጠሮ ሳይቀር። ከእኔ በስተቀር ወደ ገመዱ ያየ የለም። አዎ ብል ላሟን ይዤ እሄዳለሁ፤ እናቴ ወተቷን ታገኛለች፤ አባቴ ነገ ሲመጣ ምንም አይሰማም። አሁን ሳስበው ሼህ በሽር ገመዱን ገና በሩ ላይ ሳይመለከቱት አልቀሩም።

«አልተበጠሰም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ቅልብልቦሽ ስጫወት ነው የሄደችብኝ።»

ክርክሩን ያሸነፉት ሰውዬ በእኔ ምክንያት ተሸነፉ። በጆሮዬ ይይዙኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሼህ በሽር ጮክ ብለው። «በዚህ ግቢ አንድ ሰው ተገኘ!»

ወዲያው ፈረዱብኝ። ላሟ የበላችውን አበባ ተክዬ እስኪያድግ ውሃ ማጠጣት አለብኝ። ኃላፊው ራሱን ነቅንቆ ተስማማ። «የእኛ አለቀ» አሉት፤ «አሁን የእናንተ። ላሟን ሳያበላ ማን አሰራት?»

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። ጸሐፊው ጫማውን ያያል። ከበሩ አካባቢ አያ ታከለ ባርኔጣውን አውልቆ፣

«እኔ ነኝ» አለ። «በገዛ እጄ ነው የጎተትኳት። ውሃም አላጠጣኋት። ከብት አርቢ ቤት ተወልጄ፣ ምን ነካኝ?»

«እንግዲያ ያሰረ ይፍታ።»

አያ ታከለ ኃላፊውን አየው። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣና ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ጋ ቆመ። «እኔ አሁን ተራራውን እያየሁ ነው» አለ ሳይዞር።

አያ ታከለ ላሟን ፈቶልን ስንወጣ ሼህ በሽር ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ኃላፊውም ዞሮም ቢሆን አንገቱን አሳየን» አሉኝ።

በማግሥቱ አባቴ ሲመጣ ነገሩን ራሴ እንድነግረው አደረጉ፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው አስነገሩኝ። አባቴ ያለውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። አያ ታከለ ችግኝ አመጣልኝና አደባባዩ ላይ ተከልኩ። በየጠዋቱ ከቦኖ በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ አጠጣሁ። አበባው ከቀድሞው በልጦ በቀለ። እንግዳው ግን አልመጣም። ማስዋቢያውም ተዘጋ። ሼህ በሽር ወሬውን ሲሰሙ «ዘመድ ሳይኖረው ሞተ፤ ለቅሶ ማን ይቀመጥለት ይሆን?» ብለው በእውነት አዘኑ። አያ ታከለ የማስዋቢያውን ሰሌዳ ወስዶ የዶሮ ቤቱን በር ሠራበት።

በዚያ ሰሞን በሸማኔው ጉድጓድ ላይ የነበረው የእናቴ የአራስነት ጋቢ ነው። ሲያስረክቡን ከጥለቱ አንድ ስንዝር ያህል እንደ እባብ የሄደውን በጣታቸው እያሳዩ «እዚህ ጋ ዳለቻ አለች» አሏት። እናቴም ዋጋ ቀነሰችበት።

ሼህ በሽር እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ስጨርስ ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። ኪታቦቻቸው ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ጉድጓዱም በአፈር ተደፈነ። እኔ ለብዙ ዓመት መዝገብ ቤት ሠራሁ። ፋይል ሲጠፋ ጓደኞቼ «ጠፍቷል» ይላሉ፤ እኔ የጣልኩት ከሆነ «እኔ ነኝ የጣልኩት» እላለሁ። አለቆቼ ይህን ጠባይ አልወደዱትም። ዕድገት ሳላገኝ ጡረታ ወጣሁ።

መስኮቱ ጋ ቆሜ ይህን ሁሉ አላሰብኩም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?»

ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አነሣ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ፣ ጣቴንም አየ። መስተዋቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና እንደገና አስሞከረኝ፤ ያው ቀይ ነው።

«የእርጅና ጣት አያነብም እማማ። ሌላ መንገድ አለው፤ ግን ጊዜ ይወስዳል» አለ። ትንሽ አመነታ። «ነገ ጠዋት ይምጡ። እኔ ራሴ እሠራልዎታለሁ።»

«ማንን ብዬ ልጠይቅ?»

ወደ ኋላው ዞር ብሎ አለቃውን አየ። ከዚያ ከወረቀት ጥግ ላይ ቀድዶ ስሙን ከነአባቱ ጻፈልኝ።

ቤት ስገባ ሳጥኑን ከፍቼ ጋቢውን አወጣሁ። ወረቀቱን እስከ ነገ እንዳይጠፋብኝ ዳለቻ ያለችበት እጥፋት ውስጥ አስቀመጥኩት። ማኅተም የለበትም።