የላይኛው እርከን የመጨረሻ በርሜል

ፈረንሳይ አገር ከሮን ወንዝ በላይ ባለችው የወይን ኮረብታችን እትዬ ክሎቲልድን የማያውቅ ሰው የለም፤ ካለም ትናንት የመጣ ጎብኚ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ከኔ ይበረታል፤ ምላሳቸውማ ምን ልበላችሁ! ዝናብ ከእርከኑ ያጠበውን አፈር በየዓመቱ በብርዱ ወራት በቅርጫት አዝለን ወደ ላይ እንመልሳለን። እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መንገድ ላይ ቁጭ ስል፣ እሳቸው አልፈውኝ እየሄዱ «ተነሺ፣ አፈሩ እግር የለውም» ይሉኛል።

እትዬ ክሎቲልድን ያስከበራቸው ግን አፍንጫቸው ነበር። ምድር ቤት ወርደው፣ በርሜል ሲከፈት አንዴ ብቻ አሽትተው፣ ወይኑ ከየትኛው ረድፍ እንደተለቀመ ይናገራሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ደንብ አለ፤ ከበርሜል የተቀዳ ወይን ሲቀመስ፣ በዕድሜ ትልቁ ሳይናገር ማንም አፉን አይከፍትም። ሃያ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። የኛ ሥራ «ልክ ነው» ማለት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ክፉ ጉንፋን አስተኛቸው። ሲነሱ ሽታ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ሐኪሙ «ይመለስ ይሆናል» አላቸው፤ አልተመለሰም። ደንቡም አልተሻረም። በርሜል ይከፈታል፣ ብርጭቆ ይዘን ፊት ፊታቸውን እናያለን፣ እሳቸው ዝም ይላሉ፣ እኛም ዝም። ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ሁለት ዓመት ቀመስን።

በዚህ መሀል የላይኛው እርከን ወይን እንዲነቀል ተወሰነ። የወይን ግንዶቹን የተከሉት የእትዬ ክሎቲልድ አባት ናቸው፤ ግንዶቹ አሁን አርጅተው፣ ታመው፣ ገሚሶቹ ደርቀዋል። የመጨረሻው ምርት አንዲት በርሜል ብቻ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ምኞታቸው አንድ ሆነ፤ በርሜሏ ወደ ጠርሙስ ሳትገለበጥ ያንን ወይን አንዴ ማሽተት። በየማለዳው ቁንዶ በርበሬ፣ ሳሙና፣ ያልታጠበ ካልሲ ሳይቀር እያሸተቱ ይሞክሩ ነበር። «ካልሲው ራሱ አዘነልኝ» አሉኝ አንድ ቀን።

ባለፈው ማክሰኞ ቀኑ ደረሰ። የምድር ቤቱ ኃላፊ አንሴልም የበርሜሏን ውታፍ ነቅሎ፣ በመስታወት ቧንቧ ስቦ ለሦስታችን ቀዳ። እትዬ ክሎቲልድ አፍንጫቸውን ብርጭቆው ውስጥ ከተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«እህ?» አለ አንሴልም፣ አላስችል ብሎት።

«ውሃ» አሉ። «ቀይ ውሃ።»

አንሴልም አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ተናገሪ።»

«እኔ? እርስዎ እያሉ እንዴት ብዬ እትዬ?»

«እኔ ዛሬ የለሁም። ተናገሪ ብያለሁ።»

ደነገጥኩ። አሸተትኩና «ጥቁር እንጆሪ ይሸታል፤ ትንሽም የአበባ ሽታ አለው» አልኩ።

«እሱን ለደንበኛ አቆዪው። ለኔ የምታሸቺውን ንገሪኝ።»

አንሴልም ሳቁን በብርጭቆው ሸፈነ። እንደገና አሸተትኩ። በዚህ ጊዜ ቃል አልመረጥኩም፤ የመጣልኝን ለቀቅኩት።

«ዝናብ ይዞን ላይኛው ጎጆ ውስጥ ምሳ ስንበላ ነው። እርጥብ ካፖርት። አንሴልም በመከርከሚያ ቢላዋው ጢስ የጠጣ ቋሊማ ይቆርጣል። ደጅ ደግሞ የተከረከመው የወይን ጭራሮ ይነዳል።»

እትዬ ክሎቲልድ ዓይናቸውን አልገለጡም።

«ጭራሮው ደረቅ ነው እርጥብ?»

«እርጥብ። ዓይን የሚያቃጥለው ዓይነት።»

«አባቴ እስኪደርቅ መጠበቅ አያውቁበትም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላስ?»

ድንጋዩ ፀሐይ ሲመታው ያለውን ሽታ ነገርኳቸው። «ሌላስ?» ከጫማ ሥር የተረገጠውን ቅጠል ነገርኳቸው። «ሌላስ?» አንሴልም ውታፉን በእጁ እንደያዘ ቆሟል፤ ጠርሙሶቹ ታጥበው ይጠብቃሉ።

«ጨረስኩ እትዬ።»

«አልጨረስሽም» አሉ፣ አፍንጫቸውን ከብርጭቆው ሳያወጡ። «ደግመሽ አሽቺ።»