«እሺ ብለዋል»

ማክሰኞ ጠዋት ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ገብቼ፣ ተቀመጥ ሳልባል ተቀመጥኩ። ብሬ ካልተመለሰ አልነሳም ብዬ ነበር... ነገሩ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም።

ለባለቤቴ ለወርቂቱ ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ በኢንተርኔት አዝዤ ነበር። ከዓመት ወዲህ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪማረር ድረስ ታስጮኸዋለች። ብሩን አስቀድሜ ላክሁ። ሁለት ወር ጠበቅኩ፣ ዕቃው የለም። ብሬን መልሱ ብል «አይመለስም» የሚል አጭር መልእክት መጣልኝ። ሻጮቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ያቺ ቢሮ የዲላ ወኪላቸው ናት።

ወኪሏ ዩኒቨርሲቲውን በቅርብ የጨረሰች ልጅ ናት። ኮምፒውተሯን አየችና...

«አባባ፣ እዚህ ላይ ተረክበዋል ይላል።»

«ማን ነው የተረከበው? ፊርማዬን አሳዪኝ።»

«በስልክ ነው የተረጋገጠው። ሲደወል እሺ ብለዋል።»

«ሳልቀበል እሺ የምል ሰው እመስልሻለሁ?»

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጆንያ ላይ ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። የሻጮቹን ደንብ ግን በእጄ ገልብጬ፣ አስምሬበት ይዤ ሄጃለሁ። «ዕቃው ካልደረሰ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰው «ሽማግሌው ጠበቃ ናቸው እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ዞሬም አላየሁት።

ስለ እሺ እኔን ማንም አያስተምረኝም። አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ነው ያረጀሁት። ኪሎውን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ገበሬው «እሺ» ይላል፣ ያኔ እጽፋለሁ። በማግስቱ ተሳስቶብኛል ብሎ ቢመጣ፣ ቢያለቅስም፣ መልሴ አንድ ነው... «እሺ ብለሃል!» አንድም ቀን ሰርዤ አላውቅም።

ልጅቷ ሲሰለቻት አዲስ አበባ ደወለች። «ጥሪው ተቀድቷል አሉ። ያሰሙን» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሄሎ፣ ያዘዙት ዕቃ ደርሶዎታል?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«እሺ...»

የወርቂቱ ድምፅ ነው። ያን ቀን ስልኬን ቻርጅ ላይ ትቼ ለቅሶ ሄጄ ነበር።

«ችግር የለውም አይደል?»

«እሺ፣ እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንግዲያው ተረክበዋል ብለን እንመዝግበው?»

«እሺ የኔ ልጅ... ልጆቹስ ደህና ናቸው?»

ሀዋሳ ያለው ልጃችን የደወለ መስሏት ነው።

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ቶሎ አፏን ያዘች። «ይቅርታ አባባ... ግን እሺ ብለዋል እኮ።»

ጠረጴዛውን መታሁት። «አልሰማችም! መሣሪያውን ያዘዝኩት ለምን ሆነና! ሰው ያልሰማውን ነገር እሺ ቢል ተስማማ ይባላል?»

...የገዛ ቃሌ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ወርቂቱ ከአባቷ የወረሰችው አሪቻ የቡና ማሳ አላት። ለአንድ ነጋዴ ለአሥር ዓመት በኮንትራት ለመስጠት አሰብኩና ጠየቅኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ጎመን ትከትፍ ነበር።

«ማሳውን ልሰጠው ነው፤ ምን ትያለሽ?»

«እሺ።»

ሰጠሁት። ነጋዴው አባቷ የተከሉትን ትልቁን ዋንዛ ቆርጦ ጣውላ አወጣበት። ወርቂቱ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ጉቶውን አይታ መጣች። እያለቀሰች «ምነው ሳትነግረኝ?» ብትለኝ ጣቴን ቀስሬ «እሺ ብለሻል!» አልኳት... ለገበሬዎቹ እንደምለው። ከዚያ ወዲህ የአሪቻን ስም አንስታ አታውቅም። እኔም ተረትታ ነው ብዬ ነበር።

ብድግ አልኩ። ልጅቷ «አባባ፣ ቅሬታዎን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ባጃጅ አልያዝኩም፣ በእግሬ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ወርቂቱ ግቢ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታሰጣለች። በሩ ላይ ቆሜ ሁልጊዜ በምናገርበት ድምፅ «ወርቂቱ፣ ይህን ቤት ልሸጠው ነው» አልኩ።

«እሺ» አለች። ዞር እንኳ አላለችም።

ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰሚኝ?»

አፌን ትኩር ብላ አየችው።

«ቆይቷል» አለች። «መጀመሪያ መጀመሪያማ ድገምልኝ እልህ ነበር... ትቆጣለህ። እሺ ስልህ ትተወኛለህ።»

«የማሳው ጊዜስ?»

በእጇ የያዘችውን ሸሚዜን ደጋግማ ጨመቀችው። ውሃው ካለቀ ቆይቷል። «ስለ ዝናቡ የምታወራ መስሎኝ ነበር» አለች።

ኮንትራቱ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል። ዋንዛውማ...

ከሰዓት በኋላ ቅሬታውን ጻፍኩ። ብሬን አልተውም። ያለኝ ክርክር አንድ ነው፣ እሱንም በትልልቁ ጻፍኩት... «ሳይሰማ እሺ ያለ ሰው ተስማምቷል አይባልም።»

ጽፌ ስጨርስ ወንበሬን አስጠግቼ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል አነበብኩላት።

ወርቂቱ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች።

የትኛው እሺ እንደሆነ አላወቅኩም።