ከደረጃው አጠገብ የጠፋው ምሰሶ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ለማንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውርቼው አላውቅም። ሰው ባላደረገው ነገር ሲወቀስ በሰማሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ በመሐንዲስነት እሠራለሁ። ያኔ ገሳይ ከተማ ላይ የሚሠራ ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት ይዘን ነበር። ክፍሎቹንና ደረጃውን የሚነድፈው ደሳለኝ የሚባል ከአርባ ምንጭ የመጣ አርክቴክት ነበር። ምሰሶዎቹና መሠረቱ የእኔ ሥራ ነበሩ። የምንሠራው በአንድ የጋራ የኮምፒውተር ንድፍ ላይ ነው። አንዳችን የያዝነውን ግድግዳ ወይም ምሰሶ ሌላው መንካት አይችልም፤ ከለቀቅነው ግን ይችላል። ለውጥ በተደረገ ቁጥር የማን ኮምፒውተር እንደሆነ ስምና ሰዓቱ ይመዘገባል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የሳይቱ ፎርማን ጋሽ አድማሱ ደወሉልኝ። በግንባታ ሥራ ያረጁ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። አዲስ የላክንላቸውን ወረቀት ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን ዘርግተው እያዩ ነበር።

«ልጄ፣ ከደረጃው አጠገብ የነበረው ምሰሶ በአዲሱ ወረቀት ላይ የለም» አሉኝ። «የላዩን ክፍል ምን ሊሸከመው ነው?»

ንድፉን ከፍቼ አየሁ። እውነትም የለም። የመሠረቱ ኮንክሪት በማግስቱ ሊሞላ ነበር። እሳቸው ባያስተውሉት ኖሮ ልጆች የሚማሩበት ክፍል ያለ ድጋፍ መሠራቱ ነበር። ሥራውን እንዲያስቆሙልኝ ለመንኳቸው። ለካ እኔ ሳልናገር አስቁመውታል።

ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ተቀምጠን የቆዩትን ቅጂዎች አንድ በአንድ አወዳደርን። ምሰሶው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ነበረ። የዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠፍቷል። የተመዘገበው የደሳለኝ ስም ነው።

ስሙን ሳይ እፎይ አልኩ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ደሳለኝ ተጠርቶ ሲጠየቅ ምሰሶውን እንዳልነካው፣ በዚያ ቀን ጋፋት የባለጉዳይ ቦታ ሊለካ ወጥቶ እንደነበር ተናገረ። የመውጫ ቅጽ ስላልሞላ ሥራ አስኪያጁ አላመኑትም። ጋፋት ደውሎ ያጣራ ሰውም አልነበረም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት፤ ንድፉንም እንዳይከፍት ከለከሉት። ምሳ ስንወጣ እሱን መጥራት ተውን። እኔም እንደሌሎቹ ተውኩ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ የጋፋት ባለጉዳይ ስለ ቦታቸው ሊጠይቁ መጡ። ደሳለኝ ስላልነበረ እኔ አነጋገርኳቸው። ያ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እስኪመሽ በዝናብ ሲለካላቸው እንደዋለ፣ ምሳም ከልጆቻቸው ጋር እንደበላ እየመረቁት ነገሩኝ። በእጁ ነድፎ የሰጣቸውን ወረቀት አወጡ። ከታች ቀኑን ጽፎበታል። ያ ማክሰኞ ነው።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ትዝ አለኝ። በዚያ ቀን የእኔ ኮምፒውተር አልነሣ ብሎኝ ደሳለኝ ቦታ ተቀምጬ ሠርቻለሁ። የእሱ ኮምፒውተር በስሙ እንደተከፈተ ነበር። ደረጃው አካባቢ ሳስተካክል፣ ቀደም ብዬ ለቅቄው የነበረው ምሰሶ ስላስቸገረኝ፣ በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ አጠፋሁት። የሠራሁትን እንዳስቀመጥኩ መብራት ሄደ። ሲመጣ የእኔም ኮምፒውተር ተነሣ፤ ወደ ቦታዬ ተመለስኩና ረሳሁት።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ሕንፃው ድኗል፣ ምሰሶውም ተመልሷል፣ አሁን ብናገር ምን ይጠቅማል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴው የት እንደደረሰ እንኳ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደሳለኝን ቢሮው በር ላይ ጠበቅኩትና ምሰሶውን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። አልደነገጠም።

«ገምቼ ነበር» አለኝ። «ረቡዕ ስገባ ወንበሬ እስከ ታች ወርዶ ነው ያገኘሁት። እዚህ ቢሮ እንደዚያ ዝቅ አድርጎ የሚቀመጥ ካንቺ ሌላ ሰው የለም።»

ታዲያ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅኩት።

«ወንበሬ ወርዶ ነበር ብዬ ማን ያምነኛል? ደግሞ አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ።»

ትዝ ያለኝ ከሁለት ቀን በፊት እንደሆነ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን እነዚያ ሁለት ቀናትም የእኔ ጥፋት ናቸው።

በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። የእሱን ማስጠንቀቂያ ሰርዘው ለእኔ ጻፉልኝ፤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ እንድጠይቀውም አደረጉኝ። ጠየቅኩት። ጨበጠኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ በኋላም ከእኔ ጋር በትሕትና ሠራ፤ ድሮ እንደሚያደርገው መቀለዱን ግን ተወ። ከጥቂት ወራት በኋላ በአገሩ ሥራ አግኝቶ ሄደ። የሄደው እናቱ ብቻቸውን ስለሆኑ ነው ብሎናል።

ለበዓል መልካም ምኞት እልክለታለሁ። ሁልጊዜ ይመልስልኛል። ከልቡ ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ ጽፌ አጥፍቻለሁ። የሚመልስልኝን እፈራለሁ።