ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ

የትኬት ቢሮ ባልደረቦቹ «ሰዓቱ» ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ትኬት ሲቆርጥ፣ የፈለጋችሁትን ከተማ ርቀትና የበረራ ሰዓት ብትጠይቁት ኮምፒውተሩን ሳያይ ነው ዱብ የሚያደርግላችሁ። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። በዚህ ሲስቁበት አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ።

አንድ አመል አለው። መንገደኛው ፊት ላይ ስጋት ካየ «ቅርብ ነው፣ አይዞህ» ይላል። የአሥራ አራት ሰዓት በረራም ለሱ ቅርብ ነው፤ «አንድ እንቅልፍ ናት» ብሎ ይሸኛል።

ሚስቱ ለሕክምና ባንኮክ ስትሄድ ቪዛ የተሰጠው ለአንድ አስታማሚ ብቻ ስለነበር እህቷ አብራት ሄደች። አንድ ልጃቸው ደግሞ ቻይና፣ ጓንዡ ነው፤ ጨርቅ እየገዛ በኮንቴይነር ይጭናል፤ ለንግዱ ባንኮክ ስለሚመላለስ ቪዛ አለው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሚስቱ እህት ደወለች።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ልጇ ይምጣ ብሏል። እሷም ስሙን እየጠራች ነው።»

«ስንት ቀን አለ?»

«ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት።»

ከጓንዡ ባንኮክ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው ሦስት ሰዓት አይሞላም። ይህን ለማወቅ ስክሪን አያስፈልገውም፤ እጁ ለምዶበት ግን ከፈተው። የዚያን ዕለት የማታ በረራ ላይ አራት ወንበር አለ። የነገ ጠዋቱማ እንዲያውም ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ለልጁ ደወለለት።

«አባዬ፣ ኮንቴይነሩ ገና አልታሸገም። ጥዬው ልሂድ?»

«አይ ልጄ፣ አሽገህ በጠዋት ትሄዳለህ። ቅርብ ነው፣ አይዞህ።»

አፉ የለመደውን ነው የተናገረው። ለማያውቀው መንገደኛ ሺህ ጊዜ ያለውን ለገዛ ልጁ ደገመው።

ልጁ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ባንኮክ ሲደርስ እናቱ ጎህ ሲቀድ አርፋ ነበር። አክስቱ የእህቷን ነጠላ ጫማ በፌስታል ይዛ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠበቀችው።

ሰዓቱ አላለቀሰም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ትኬት ይቆርጣል። ደረቱ ጥርስ ሊነቀል በመርፌ እንደደነዘዘ ድድ ሆኗል፤ ቢነኩትም አይሰማውም።

በሁለተኛው ሳምንት እናቱን ሊቀብር አገሩ የገባው ልጁ ጢሙን ሳይላጭ ቢሮ መጣና የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ የዚያን ዕለት ማታ ወንበር ነበረ?»

«ሞልቶ ነበር» ቢለው ልጁ አርፎ ይኖራል። ስክሪኑን ያየ ሌላ ሰው የለም። ሰዓቱም ይህን አላጣውም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተገራ አፍ ነው፤ ሲጠየቅ ይመልሳል።

«አራት» አለ። «ሁለቱ በመስኮት በኩል።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ተነሳ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ወጣ።

ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት ሴትዮ ገብተው ተቀመጡ። የሚሄዱበትን ከተማ ነገሩትና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊቱን ያዩ ጀመር።

«ሩቅ ነው እንዴ ልጄ?»

«አዎ» አለ ሰዓቱ። «ሩቅ ነው።»