ለመሪጌታ ማን ይመልስላቸው

መሪጌታ ወንዳወቅ ባሌ ናቸው። ቡሬ ላይ እሳቸው በቀኝ ቆመው ዜማ ካነሱ፣ ግራ ጌታው ኪዳነ ማርያም ከወዲያ ማዶ ይመልሱላቸዋል። እኔም ከሴቶች መቆሚያ ሆኜ፣ እግሬ ዝሎ እንኳ ቁጭ ማለት አያምረኝም ነበር። አይ ያን ጊዜ! ዛሬም ይናፍቀኛል።

ኪዳነ ማርያም አምና ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ እንጂ አፋቸውን አይከፍቱም። ቤትም ዳዊታቸውን የሚያነቡት በዓይናቸው ብቻ ነው። «ኧረ መሪጌታ፣ እስኪ ትንሽ ያሰሙን» ስላቸው፣ «አንድ እጅ አያጨበጭብም» ይሉኛል። እናደዳለሁ። ጓደኛ የሞተባቸው እሳቸው፤ ድምፃቸውን የተነጠቅሁት ግን እኔ!

በቀደም ልጃችን ህይወት ከካምፓስ መጣችና ስልኳን ከፈተች። «አባዬ፣ እስኪ ይቺን ዜማ ይስሙልኝ። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሮማ የተደረሰች ናት። ቃሉ የዳዊት የንስሐ መዝሙር ነው።»

«የፈረንጅ ዜማ እቤቴ! በይ ዝጊው!» አልኋት። ማን ሰምቶኝ! መሪጌታ ጆሯቸውን ጥለዋል።

«ከበሮው የታለ?» አሉ።

«ለሕማማት ነው የተደረሰው። ከተደረሰበት ቤተ ክርስቲያን እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር አሉ። አንድ ልጅ ሰምቶ በጆሮው ይዞት ወጣ ይባላል።»

«ለሕማማት ከሆነማ እንደኛው ነው፤ ከበሮ አይመታም። ደግሞ ጆሮን ማን ይከለክላል?»

አንደኛው ወገን ዘምሮ ዝም አለ። ከሩቅ፣ በጥቂት ሰው ድምፅ፣ ሌላው መለሰ። አንዲት ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣች፤ ወይ ጉድ፣ እኔ ተቆጪዋ ወደ ስልኩ ጠጋ አልሁ። መሪጌታ «የግራዎቹ ናቸው» ብለው አለቀሱ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ህይወትም እኔም አልቀረንም።

ስልኩ ሲዘጋ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ያንኑ መዝሙር በራሳችን ዜማ ጀመሩ። ስንት ጊዜ የናፈቅሁት ድምፅ! የቀኙን አድርሰው ለግራው ቦታ ትተው ቆሙ። የሚመልስ የለም። መቋሚያውን ወደ ግድግዳው ሊያስጠጉ ሲሉ ክው አልሁ፤ አሁን ከተቀመጡ ዳግመኛ አይነሡም።

እኔን ማን ዜማ አስተምሮኝ! ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬአለሁ። እንዳይቀመጡብኝ እየተቻኮልሁ የግራውን መለስሁ።

መሪጌታ ዞረው አዩኝ።

«እዚች ላይ ኪዳነ ማርያምም ይቸኩል ነበር» አሉና የሚቀጥለውን አነሱ።